በሰከንድ 260 ኪሎ ሜትር

ከሮቤ ወደ ጎሮ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ የባሌን የስንዴ ማሳ ሰንጥቆ ይወርዳል። ጎሮ ላይ መብራት በጠፋ ምሽት፣ ወይም መስመሩ ገና ባልደረሰበት የገጠር ቤት፣ ከመደርደሪያ ጥግ የሚወጣ አንድ አሮጌ ዕቃ አለ። የድልህ ጣሳ ነው። ክዳኑ በምስማር ተበስቷል፤ በቀዳዳው የጥጥ ክር ገብቷል፤ ሆዱ ውስጥ ትንሽ ላምባ አለ። ስሙ ኩራዝ ነው። ነበልባሉ ከሰው አውራ ጣት አይበልጥም።

በነበልባሉ ጫፍ ላይ የሻይ ማንኪያ ለ10 ሰከንድ ቢያዝ ጀርባው ይጠቁራል። ጥቁረቱ እንደ ከፋይ ጨርቅ ነው፤ አያብለጨልጭም። በጣት ሲነኩት ጣትን ያጠቁራል፤ ክብደት ግን የለውም። የቤት እመቤቷ በአመድ ፈትጋ ታጥበዋለች። በዚያች እፍታ ምን እንደታጠበ ለመቁጠር የተሞከረ እንደሆነ ግን ቁጥሩ ከቤት ይወጣል፤ ከአገርም ይወጣል።

እንዲህ ያለ ኩራዝ በሰዓት 10 ግራም ላምባ ይጨርሳል እንበል። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ የአሜሪካ ተመራማሪዎች ልኬት እንደሚያሳየው፣ ክሩ ያለ ብርጭቆ በሚነድ ኩራዝ ውስጥ ከላምባው ክብደት ከ7 እስከ 9 በመቶው ጥላሸት ሆኖ ይወጣል። መካከለኛውን 8 በመቶ ብንወስድ በሰዓት 0.8 ግራም ይሆናል። በ10 ሰከንድ ውስጥ ከ2 ሚሊ ግራም ብዙም አይበልጥም፤ ስምንት የጤፍ ፍሬ የማይመዝን ነገር ነው።

ጥላሸት ዱቄት ይምሰል እንጂ አሠራሩ የዶቃ ነው። በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲታይ ትንንሽ ድቡልቡል ቅንጣቶች እርስ በርስ ተያይዘው፣ ተጠላልፈውና ቅርንጫፍ አውጥተው ይገኛሉ። የአንዷ ዶቃ ውፍረት ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 50 ናኖ ሜትር ነው፤ ለሒሳቡ 30 እንያዝ። አንዲት የጤፍ ፍሬ አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ትረዝማለች። በእሷ ርዝመት ላይ 33 ሺህ ያህል የጥላሸት ዶቃዎች በአንድ ረድፍ ይሰለፋሉ። በጸጉር ስፋት ላይ ደግሞ ከ2 ሺህ በላይ።

በዚህ መጠን አንድ ግራም ጥላሸት ውስጥ 39 ሺህ ትሪሊዮን ያህል ዶቃ አለ። ሰው እንዲህ ያለ ቁጥር ሲሰማ ጆሮው ይደነቁራል፤ ስለዚህ ወደ ጎተራ ብንወስደው ይሻላል። አንድ ግራም ጤፍ 3 ሺህ ያህል ፍሬ ይይዛል። አንድ ኩንታል 300 ሚሊዮን ማለት ነው። በአንድ ግራም ጥላሸት ውስጥ ያሉትን ዶቃዎች ያህል የጤፍ ፍሬ ለመሰብሰብ 130 ሚሊዮን ኩንታል ጤፍ ያስፈልጋል። የኢትዮጵያ ገበሬዎች በጥሩ ዓመት የሚያስገቡት ጤፍ ከ50 ሚሊዮን ኩንታል በላይ ነው። ስለዚህ የአገሪቱ የሁለት ዓመት ጤፍ ፍሬ በፍሬ ቢቆጠርም ከአንድ ግራም ጥላሸት ጋር አይስተካከልም።

ማንኪያው ላይ ወደነበረው እንመለስ። በ10 ሰከንድ የወጣው ሁሉ ተይዞ በሰከንድ አንድ ዶቃ ቢቆጠር ሥራው 2.8 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ይፈጃል። ድንቅነሽ በሕይወት ሳለች፣ ከ3.2 ሚሊዮን ዓመት በፊት፣ ቆጠራው ተጀምሮ ቢሆን ኖሮ ያለ ዕረፍትና ያለ እንቅልፍ ተቆጥሮ ያለቀው ከዛሬ 400 ሺህ ዓመት በፊት ገደማ ነበር።

አሁን ዶቃዎቹን በክር እንሰካ። የአንድ ግራም ጥላሸት ዶቃዎች አንድ በአንድ ቢደረደሩ ሰልፉ 1.18 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ይረዝማል። ከምድር ጨረቃ በአማካይ 384,400 ኪሎ ሜትር ነው፤ ሰልፉ ሄዶ፣ ተመልሶ፣ እንደገና ይሄዳል። በእግር ቢኬድ፣ በቀን 40 ኪሎ ሜትር የሚገሰግስ ብርቱ መንገደኛ 80 ዓመት ይፈጅበታል። ባሌ ውስጥ ምልክት ይሁን ከተባለ ከጎሮ ወዲያ ያለው የሶፍ ዑመር ዋሻ አለ፤ ወይብ ወንዝ የቦረቦረው፣ 15.1 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው። አንድ ግራም ጥላሸት ዋሻውን 78 ሺህ ጊዜ ይለካዋል።

ይህ ሰልፍ የሚፈለፈልበት ፍጥነትም አለ። በሰዓት 0.8 ግራም ማለት በየሰከንዱ 260 ኪሎ ሜትር ነው። ከሮቤ አዲስ አበባ 430 ኪሎ ሜትር ነው፤ አውቶቡስ ጠዋት ተነስቶ ቀኑን ይፈጅበታል። ያቺ የአውራ ጣት ነበልባል መንገዱን በዶቃ ደርድራ ለመጨረስ ሁለት ሰከንድ አይሞላባትም። ልጅ የቤት ሥራውን በሚሠራበት የአራት ሰዓት ምሽት ሰልፉ ከምድር ጨረቃ አስር ጊዜ ለመድረስ ጥቂት ይቀረዋል። ሁለት ሊትር ላምባ ሲያልቅ ደግሞ ፀሐይ ጋ ይደርሳል።

ጨለማ ውስጥ የሚታየው ቢጫ ብርሃንም ጥላሸት ራሱ ነው። ጥላሸት ከመጥቆሩ በፊት ይግላል፤ ከ1,000 ዲግሪ በላይ ሙቀት ውስጥ እንደ ጋለ ብረት ያበራል። እንግሊዛዊው ሃምፍሪ ዴቪ የነበልባል ብርሃን ከጋለ ጠጣር ካርቦን እንደሚመጣ ያስረዳው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ነው። ማይክል ፋራዴይም እ.ኤ.አ. በ1860 የገና በዓል ሰሞን ለለንደን ልጆች ስለ ሻማ በሰጣቸው ትምህርቶች ይህንኑ አሳየ። አብዛኛው ጥላሸት ከነበልባሉ ሳይወጣ እዚያው ተቃጥሎ ያልቃል። በማንኪያ የተያዘው፣ በጣራ ላይ የተንጠለጠለው፣ ጠዋት ከልጁ አፍንጫ የሚጠረገው፣ ሳይቃጠል ያመለጠው ነው።

የሚወለደውም በቅጽበት ነው። ላምባው በሙቀት ይሰነጣጠቃል፤ ከስንጥቁ አሴቲሊን የሚባል ጋዝ ይወጣል። ስድስት ስድስት ካርቦኖች እጅ ለእጅ ተያይዘው ቀለበት ይሠራሉ፤ በቀለበቱ ጎን ሌላ ቀለበት ይበቅላል። ቀለበቶቹ እንደ ማር እንጀራ ተያይዘው ሲሰፉ አንዱ በሌላው ላይ ይነባበራል፤ ከዚያ ወዲያ ጋዝ መሆኑ ቀርቶ ጠጣር ይሆናል። ይህ ሁሉ የሚያልቀው በጥቂት ሺኛ ሰከንዶች፣ ቢበዛ በመቶኛ ሰከንዶች ውስጥ ነው። ዓይን አንድ ጊዜ ተርገብግቦ እስኪከፈት የብዙ ዶቃዎች ዕድሜ ያልፋል።

በአንዷ የ30 ናኖ ሜትር ዶቃ ውስጥ 1.27 ሚሊዮን ያህል የካርቦን አቶሞች ታጭቀዋል። እያንዳንዱ አቶም ተሳፋሪ ቢሆንና 60 ሰው በሚጭን አውቶቡስ ቢሳፈር ከ21 ሺህ በላይ አውቶቡሶች ያስፈልጋሉ። አውቶቡሶቹ 12 ሜትር እየረዘሙ አፍንጫና ጅራት ገጥመው ቢቆሙ ሰልፉ ከአዲስ አበባ ተነስቶ ሻሸመኔ ይገባል። ያ ሁሉ ሕዝብ የተሳፈረው በዓይን በማትታይ አንዲት ዶቃ ላይ ነው። አራት ቀለበትና 16 ካርቦን ካለው ሞለኪውል ተነስቶ እዚህ ለመድረስ 80 ሺህ ጊዜ መወፈር አለበት። ሲወለድ 3 ኪሎ የመዘነ ሕፃን እንዲሁ ቢያድግ 2,400 ኩንታል ይመዝናል፤ ባለ ተሳቢ የጭነት መኪና 400 ኩንታል ከጫነ ስድስት መኪና ሙሉ ነው። ጊዜው መቶኛ ሰከንድ።

እስካሁን የተቆጠረው ኩራዝ ስለሚተፋው ነው። ሁሉም ነዳጅ ግን እኩል አይተፋም፤ ልዩነቱም ካርቦን በመብዛቱና በማነሱ ብቻ የሚመጣ አይደለም። ካርቦኑ ከማን ጋር ነው የተያዘው? በምን ቅርጽ ነው የተያዘው? ጉዳዩ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ከእበትና ከሽንት ቤት የሚወጣው ባዮጋዝ ዋናው ክፍል ሜቴን ነው፤ በሜቴን አንዱን ካርቦን አራት ሃይድሮጅኖች አጅበውታል። በሲሊንደር በሚሸጠው ቡቴን አጃቢው ወደ 2.5 ይወርዳል። በላምባ 2 ገደማ ነው። ልብስ ብል እንዳይበላው በቁም ሳጥን በሚቀመጠው ናፍታሊን ለአስር ካርቦን ስምንት ሃይድሮጅን ብቻ አለ፤ 0.8 ማለት ነው። አጃቢው ባነሰ ቁጥር ነበልባሉ ከሰማያዊ ወደ ቢጫ፣ ከቢጫ ወደ ጥቁር ጢስ ይሄዳል።

የካርቦን ብዛት እኩል ሆኖ እንኳ ውጤቱ ይለያያል። ሄክሴን የሚባለው ፈሳሽ ስድስት ካርቦን አለው፤ እንደ ገመድ ቀጥ ብለው የተያያዙ፣ ከ14 ሃይድሮጅን ጋር። ሳይክሎሄክሴንም ስድስት ካርቦን አለው፤ ገመዱ ግን ጫፍና ጫፉ ተገጥሞ ክብ ሆኗል፤ ሃይድሮጅኑ 12 ነው። ቤንዝንም ስድስት ነው፤ ክብ ነው፤ ሃይድሮጅኑ ግን 6 ብቻ። (በማደያ ቤንዚን ተብሎ የሚቀዳው የመኪና ነዳጅ ሌላ ነው፤ ስማቸው ስለተቀራረበ ብዙ ሰው ያምታታቸዋል።) ተመራማሪዎች የነዳጅን ጥላሸት የመፍጠር ዝንባሌ በሚመዝኑበት አንድ መለኪያ ሄክሴን 30፣ ቤንዝን 100 ተደርገው ተሰፍረዋል። ሳይክሎሄክሴን በመካከላቸው 40 አካባቢ ይቆማል። በቤንዝን ቀለበት ላይ አንድ ካርቦን ሲቀጠል የቀለም ማቅጠኛው ቶሉይን ይገኛል፤ እሱ 170 ገደማ ነው። ሁለት ቀለበት የገጠመው ናፍታሊን ከ450 ያልፋል። ከስኳር ፋብሪካ ሞላሰስ የሚጣራው ኢታኖል በዚያው መለኪያ 10 አካባቢ ነው። ከኢታኖል እስከ ናፍታሊን ከ45 እጥፍ በላይ።

ምክንያቱ ቀለበቱ ነው። ቀጥ ያለ ገመድ መጀመሪያ መሰንጠቅ፣ ከዚያ እንደገና መጠቅለል አለበት። ቤንዝን ተጠቅልሎ መጥቷል። ናፍታሊን ድርብ ሆኖ መጥቷል። ግማሹን መንገድ በሰው መኪና የመጣ መንገደኛ ከእግረኛው ቀድሞ ቢደርስ ምን ይገርማል?

ኢታኖል ደግሞ ስንቁን ይዞ ነው የሚመጣው። ከክብደቱ 35 በመቶ ያህሉ ኦክስጅን ነው፤ ካርቦኑ ቀለበት ለመሥራት ከመሰባሰቡ በፊት ከፊሉ ከራሱ ኦክስጅን ጋር ይያያዛል። ነበልባሉ ሰማያዊ ነው፤ በቀን ብርሃን ለማየት ያስቸግራል። በሶማሌ ክልል የቀብሪ በያህ የስደተኞች መጠለያ እናቶች በኢታኖል ምድጃ ማብሰል ሲጀምሩ የድስቱ ቂጥ መጥቆሩን አቆመ። በዚህ ነበልባል መጽሐፍ ማንበብ ግን አይቻልም፤ የሚያበራ ጥላሸት የለውማ።

የአጃቢ እጥረት ምን እንደሚያደርግ በዓይኑ ማየት የሚፈልግ ሰው ላብራቶሪ መሄድ አይጠበቅበትም፤ ጋራዥ ይበቃዋል። በያጁ አሴቲሊኑን ብቻ ከፍቶ ሲለኩስ ነበልባሉ ብርቱካናማ ይሆንና ከጫፉ ጥቁር የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር እየተበጠሰ በአየር ላይ ይንሳፈፋል፤ ሸሚዝ ላይ ሲያርፍ አይራገፍም። በአሴቲሊን ለአንድ ካርቦን አንድ ሃይድሮጅን ነው ያለው። በያጁ የኦክስጅኑን ቁልፍ ሲያዞር ድሩ ይጠፋል፤ ነበልባሉ ተሰብስቦ ሰማያዊ ምላስ ይሆናል። ጋዙ ያው ነው።

ወደ ማድቤት ሲገባ ነገሩ ይወሳሰባል። ደረቅ እንጨት ከክብደቱ ከ40 በመቶ በላይ ኦክስጅን ነው፤ በዚህ በኩል የኢታኖል ዘመድ ነው። ነገር ግን ከሩብ ያልራቀው ክፍሉ ሊግኒን ነው፤ ሊግኒን ደግሞ ቀለበት የሞላበት ነው። እንጨት ጓዳውን በጢስ ቢሞላም ጥላሸት የሚሆነው ከክብደቱ ግማሽ በመቶ ገደማ ነው። በዚህ ስሌት ከአንድ ሊትር ላምባ የሚወጣው 64 ግራም ጥላሸት ከ13 ኪሎ ያህል እንጨት ጥላሸት ጋር ይተካከላል። ዓይን የሚያስለቅሰው ነጭና ቡናማ ጢስ በብዛቱ ጥላሸት አይደለም፤ ያልነደደ የእንጨት ዘይትና ቅጥራን በጥቃቅን ጠብታ መልክ ነው። ጣራው ላይ ሲያርፍ የሚያብለጨልጭ ጠለስ ይሆናል።

የባሌ ደጋ ማገዶ ብዙ ዓይነት ነው፤ ጥድ አለ፣ ባህር ዛፍ አለ፣ ከፍ ሲል በአካባቢው ሳቶ የሚሉት አስታ አለ። ሙጫና ዘይት የበዛበት ጥድ ነበልባሉ ቢጫ፣ ጥቁረቱም ብዙ ነው። ስንዴ በታጨደበት ወቅት ገለባው ይታከላል፤ ቦግ ብሎ ይጠፋል። ኩበት የተለየ ነው። አምስተኛው ወይም ከዚያ በላይ የሚሆነው አመድ ስለሆነ ቀስ ብሎ ይጤሳል እንጂ አይንቦገቦግም። ምጣዱ ሥር የገባ ኩበት ጠርዙ ብቻ ቀልቶ መሐሉ ጥቁር እንደሆነ፣ ወፍራም ጢስ እየለቀቀ እንጀራ ያስወጣል። ነበልባል በሌለበት ጥላሸት ትንሽ ነው፤ ሌላው ጢስ ግን የትየለሌ።

ከሰል ደግሞ ነገሩን ይገለብጠዋል። ከሰል በአብዛኛው ካርቦን ነው፤ ከዘረዘርናቸው ሁሉ አጃቢው የመነመነበት እሱ ነው። በሕጉ መሠረት ቤቱን ማጥቆር ነበረበት። ነገር ግን በደንብ የቀላ ከሰል ጥላሸት የለውም ማለት ይቻላል፤ ጀበናው ከሰል ላይ የሚጣደውም ያለ ምክንያት አይደለም። ጥላሸት የሚወለደው ከጋዝ ነው፤ የከሰል ጋዝ ደግሞ ከሰል በሚከስልበት ጉድጓድ ውስጥ ተቃጥሎ አልቋል። የቀረው ጠጣር በገጹ ላይ ይነዳል። በምትኩ የሚለቀው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፤ አይታይም፣ አይሸትም፣ ከደም ጋር ለመያያዝ ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ ይበረታል። ስለዚህ የማያጠቁር ሁሉ ንጹሕ አይደለም።

ስለ ትንፋሽ አንድ ስሌት እዚህ ላይ ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ መሠረት በ24 ሰዓት ውስጥ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ሊኖር የሚገባው ደቃቅ ብናኝ በአማካይ ከ15 ማይክሮ ግራም መብለጥ የለበትም። አራት በአራት ሜትር የሆነ፣ ጣራው 2.5 ሜትር ከፍ ያለ ክፍል 40 ሜትር ኩብ አየር ይይዛል። በክፍሉ ሁሉ የሚፈቀደው 600 ማይክሮ ግራም ነው፤ የአንድ ግራም አንድ ሺኛ እንኳ አይሞላም። በርና መስኮቱ ድርግም ብሎ ቢዘጋ የኛ ኩራዝ ይህን መጠን የሚያስገባው ሦስት ሰከንድ ሳይሞላ ነው። ክብሪቱን አራግፎ ለማጥፋት የሚበቃ ጊዜ ነው። በርግጥ የጭቃ ቤትም ይተነፍሳል፤ በበርና በጣራ ሥር አየር ይመላለሳል፤ ኩራዙ ግን አራት ሰዓት ይነዳል። በመመሪያው ልክ ላይ ባለ አየር ውስጥ እንኳ፣ ብናኙ ሁሉ እንዲህ ያለ ጥላሸት ቢሆን፣ አንድ ግማሽ ሊትር ትንፋሽ 290 ሚሊዮን ያህል ዶቃ ይዞ ይገባል። የአንድ ኩንታል ጤፍ ፍሬ ያህል፣ በአንድ ትንፋሽ።

ዶቃዎቹ ደግሞ ገጻቸው ሰፊ ነው። የአንድ ግራም ጥላሸት ገጽ ተዘርግቶ ቢለካ 111 ካሬ ሜትር ይሆናል፤ የሰው ሳንባ የውስጥ ገጽ 70 ካሬ ሜትር ገደማ ነው። ከአንድ ሊትር ላምባ የሚወጣው 64 ግራም ቢዘረጋ 7,100 ካሬ ሜትር ነው። ለዓለም አቀፍ ውድድር የሚያገለግል የእግር ኳስ ሜዳ 105 በ68 ሜትር፣ ማለትም 7,140 ካሬ ሜትር ነው። የማዕዘን መምቻዎቹ ብቻ ሳይሸፈኑ ይቀራሉ።

በዓለም ዙሪያ የሚነዱ የላምባ መብራቶች ሁሉ በዓመት 270 ሺህ ቶን ጥላሸት እንደሚለቁ በ2012ቱ ጥናት ተገምቷል። 2.7 ሚሊዮን ኩንታል ነው፤ በባለ ተሳቢ መኪና 6,750 ጭነት። መኪኖቹ 18 ሜትር እየረዘሙ ቢሰለፉ ከሮቤ ጎሮ ሄደው ይመለሳሉ። አንድ ኪሎው በአንድ ወር ውስጥ የሚያሞቀውን ያህል ለማሞቅ 700 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ 100 ዓመት ያስፈልገዋል።

ሰው ከዚህ ሁሉ እየሸሸ፣ በሌላ በኩል ሆን ብሎ ያመርተዋል። የጎማ ጥቁረት ጥላሸት ነው። አንድ የቤት መኪና ጎማ ውስጥ ከ2 እስከ 3 ኪሎ ይገባል። ፋብሪካዎቹ በዓመት ከ10 ሚሊዮን ቶን በላይ ያመርታሉ፤ የኢትዮጵያ የጤፍ ምርት በክብደት ሁለት ጊዜ ቢመዘን የሚደርስበት ነው። ለዚህ የሚመርጡት ነዳጅ ቀለበት የበዛበትን፣ ሃይድሮጅን ያነሰበትን ወፍራም የዘይት ዝቃጭ ነው። አውሮፕላን ግን ተቃራኒውን ይፈልጋል። ከቦሌ የሚነሳ አውሮፕላን የሚቀዳው ነዳጅ የላምባ የቅርብ ዘመድ ነው፤ በደረጃው መሠረት ባለ ቀለበት ሞለኪውሎቹ ከመጠኑ 25 በመቶ ማለፍ የለባቸውም። ብራና የሚጽፉ ደብተራዎች ደግሞ ለጥቁር ቀለማቸው ጥላሸትን የሚፈልጉት ስለማይለቅ ነው፤ ብርሃንም ዘመንም አያደበዝዘውም።

የአውሮፕላን ነዳጅ የሚፈተንበት መሣሪያ ኩራዝ ነው ቢባል ማጋነን አይደለም። በልዩ ፋኖስ ውስጥ ክሩ ቀስ በቀስ ከፍ ይደረጋል፤ ነበልባሉ መጤስ ሊጀምር ሲል ቁመቱ በሚሊ ሜትር ይለካል። ቁመቱ በበለጠ ቁጥር ነዳጁ ንጹሕ ነው። ለአውሮፕላን የተቀመጠው ልክ 25 ሚሊ ሜትር ነው። ቀለበት ብቻ የሆነው ቤንዝን ከ10 ሚሊ ሜትር በታች ይጤሳል። ናፍጣ የተቀላቀለበት ላምባም ቶሎ ይጤሳል፤ ናፍጣ ከባድና ባለ ድርብ ቀለበት ሞለኪውሎች ስለሚበዙበት።

በዚህ ልኬት ባሌ ትንሽ ዕድለኛ ናት። ይህ ቁመት ከአየር ግፊት ጋር በተቃራኒ ይሄዳል። ሮቤ 2,490 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች የአየር ግፊቷ ከባሕር ጠለል 74 በመቶ ያህል ነው፤ ውሃም በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ባሕር ዳርቻ ላይ በ25 ሚሊ ሜትር የሚጤስ ላምባ ሮቤ ላይ 34 ሚሊ ሜትር ገደማ ሊደርስ ይችላል። 4,377 ሜትር ከፍ ባለው በቱሉ ዲምቱ ጫፍ ግፊቱ ወደ 58 በመቶ ይወርዳል፤ ቁመቱም 43 ይጠጋል። ላምባው ሳይቀየር፣ ክሩ ሳይቀየር።

በዚህ በሳሳ አየር እሳት ያነደደው የዛሬ ሰው ብቻ አይደለም። ወይብ ወንዝ ወደ ሶፍ ዑመር ከመውረዱ በፊት በሚጀምርበት በባሌ ተራራ ላይ፣ በ3,469 ሜትር፣ ፊንጫ ሐበራ የሚባል የአለት ጥግ አለ። እ.ኤ.አ. በ2019 በሳይንስ መጽሔት የታተመ ጥናት እንደሚያሳየው ሰዎች ከ47 ሺህ እስከ 31 ሺህ ዓመት በፊት እዚያ እሳት አንድደው፣ ግዙፉን ፍልፈል ጠብሰው በልተዋል፤ ከበላያቸው የበረዶ ግግር ነበር። የምድጃቸው ከሰል ተቆፍሮ ወጥቶ ዕድሜው ተለክቷል። 47 ሺህ ዓመት ረጅም ነው፤ ለየዓመቱ አንድ የጤፍ ፍሬ ቢቀመጥ ግን 16 ግራም፣ እፍኝ የማይሞላ ይሆናል። ከሰሉ የዚያን ያህል ሲቆይ ጥላሸቱን ነፋስ ወስዶታል።

ከሮቤ በስተምዕራብ፣ በዋቢ ሸበሌ ላይ የተሠራው የመልካ ዋከና ጣቢያ 153 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ያህል ይወስዳል። ጣቢያው በሙሉ አቅሙ ቢሠራ በአንድ ጊዜ 43 ሺህ ያህል ምጣዶችን ያግላል፤ የጥላሸታቸው ድምር ዜሮ ነው።

መስመር እስኪደርስ ኩራዝ ላለበት ቤት ደግሞ ሁለት ቁጥሮች አሉ። ብርጭቆ ያለው ፋኖስ የጥላሸቱን መጠን ከላምባው 8 በመቶ ወደ 1 በመቶ ገደማ ያወርደዋል። የኩራዙ ክር ባጠረ ቁጥርም ነበልባሉ ከሚጤስበት ቁመት በታች ይወርዳል። ክሩን በመርፌ ጫፍ ጥቂት ሚሊ ሜትር ወደ ታች መግፋት ወጪው 0 ብር ነው።